ታርጌቴን አልሞላሁም

ጥያቄ

«እትዬ፣ እንደምን ሰነበቱ? ዓምድዎን ሁልጊዜ አነባለሁ። የ27 ዓመት ሴት ነኝ። ኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርክ ውስጥ ልብስ ስፌት እሠራለሁ። ጌታን የተቀበልኩት የዛሬ 6 ዓመት ነው። እናቴ ደሴ ነው የምትኖረው፣ ኦርቶዶክስ ነች። እኔ ኳየርና የጸሎት ቡድን ውስጥ አገለግላለሁ። ረቡዕ ፆም ጸሎት፣ አርብ አዳር፣ እሑድ ደግሞ ፕሮግራም አለ።

ደብተር አለኝ። በየቀኑ የጸለይኩትን ደቂቃ፣ ያነበብኩትን ምዕራፍ፣ ፆሜን፣ የመሰከርኩለትን ሰው እጽፍበታለሁ። አንድም ሳምንት ሞልቶልኝ አያውቅም። ሥራ ቦታ በየሰዓቱ ታርጌታችን ሰሌዳ ላይ ይጻፋል። ቤት ስገባም ያው ሰሌዳ ነው የሚጠብቀኝ።

ሰኔ ላይ ሁለት ፈረቃ ደርቤ ስለገባሁ ረቡዕን ሳልፆም ቀረሁ። ካንቲን ምሳ በላሁ። በዚያው ሳምንት እናቴ ደም ግፊቷ ተነስቶ ሆስፒታል ገባች። የቡድናችን መሪ ‹ለሰይጣን በር ከፍተሽ ነው› አለችኝ። ከዚያ አንድ ነቢይ ነኝ የሚል እንግዳ አገልጋይ መጣ። በቤተሰባችን ላይ እርግማን አለ፣ እንዲሰበር 10,000 ብር ዘር ዝሪ አለኝ። የዕቁቤን 6,000 ሰጠሁ። 4,000 ይቀረኛል። ቃል ገብቻለሁ።

ደግሞ ድሮ የሠራሁት አንድ ኃጢአት አለ። በየቀኑ ንስሐ እገባበታለሁ። ይቅር የተባልኩ አይመስለኝም። እግዚአብሔርን በጣም እወደው ነበር። አሁን ግን፣ እውነቱን ልንገርዎት፣ ስሙ ሲጠራ ይደክመኛል። ድኛለሁ? ወይስ ቀድሞውንም አልዳንኩም ነበር? ከደብተሬ አንዱን ገጽ ፎቶ አንስቼ ልኬልዎታለሁ።»

የደከመችው፣ ከኮምቦልቻ

መልስ

የደከመችው እህቴ፣

አብሽሪ። ደብዳቤሽ ደርሶኛል፣ ፎቶውንም አይቼዋለሁ።

ከመጨረሻው ጥያቄሽ ልጀምር። እሱ ሳይመለስ ሌላው ምክር ሁሉ ጆሮሽ አይገባም። ድኛለሁ ወይ ብለሻል። በክርስቶስ ታምኛለሽ። ባታምኚ ኖሮ ይህን ያህል አትጨነቂም ነበር። መዳንሽ የቆመው እሱ በሠራው ሥራ ላይ ነው፤ ረቡዕ ዕለት ካንቲን በበላሽው ምሳ አይነቃነቅም። ጳውሎስ ለኤፌሶን ሰዎች «ጸጋው በእምነት አድኖአችኋልና፤ ይህም የእግዚአብሔር ስጦታ ነው እንጂ ከእናንተ አይደለም» ብሎ ጻፈ። አስከትሎም «ማንም እንዳይመካ ከሥራ አይደለም» አለ። ይህን ጥቅስ በቃልሽ እንደምታውቂው አልጠራጠርም። ግን በቃል መያዝ ሌላ፣ በእሱ ላይ ተደግፎ ማደር ሌላ። አንቺ በአፍሽ ስጦታ ነው ትያለሽ። ማታ ማታ ግን ቁጭ ብለሽ ዕዳ ታሰያለሽ።

እስቲ ስለ ደብተሩ እናውራ። የላክሽልኝን ገጽ ደጋግሜ አየሁት። በማስመሪያ አራት ዓምድ ሠርተሻል፦ ጸሎት፣ ቃል፣ ፆም፣ ምስክርነት። የሞላው በሰማያዊ እስክሪብቶ፣ የጎደለው በቀይ። ሐሙስ ላይ እንዲህ ይላል፦ «ጸሎት 40 ደቂቃ። 15ቱ እንቅልፍ። ስለዚህ 25።» ይችን መስመር ሳነብ እንባዬ መጣ። ከሌሊት ፈረቃ ወጥተሽ ተንበረከክሽ። እንቅልፍ ጣለሽ። ስትነቂ ሰዓት አየሽና ቀነስሽ። እህቴ፣ ይህን ሒሳብ ማን ጠየቀሽ? እግዚአብሔር ከደከመች ልጁ ላይ ደቂቃ ሲቀንስ የሚታየው የትኛው መጽሐፍ ላይ ነው?

እኔ የማውቀው የኤልያስን ታሪክ ነው። 1ኛ ነገሥት 19ን ገልጠሽ አንብቢው። ያ ትልቅ ነቢይ ደክሞት፣ በቃኝ ልሙት ብሎ ከአንድ ዛፍ ሥር ተኛ። በዚያ ሰዓት ለምን አልጸለይክም ያለው የለም። መልአኩ ቀሰቀሰውና «ተነሥተህ ብላ» አለው። የተጋገረ እንጎቻና ውኃ ራስጌው ተቀምጦለት ነበር። በላ፣ ጠጣ፣ ተመልሶ ተኛ። መልአኩ አልተቆጣም። ሁለተኛ ጊዜ መጥቶ «የምትሄድበት መንገድ ሩቅ ነውና ተነሥተህ ብላ» አለው። እግዚአብሔር ለደከመ አገልጋዩ መጀመሪያ ያዘዘለት እንቅልፍና ምግብ ነበር። ጌታችን ራሱ በጀልባ ላይ ማዕበል እያናወጠው ተኝቶ ነበር። እና አንቺ 15 ደቂቃ ብትተኚ ምን ሆነ?

ሰሌዳውን በተመለከተ የጻፍሽው ነገር ልቤን ነክቶታል፤ ነገሩን አንቺው ራስሽ ደርሰሽበታል። ፋብሪካ ውስጥ ታርጌት መኖሩ ተገቢ ነው። ሥራ ነው፣ ደመወዝ አለው። በሰዓት ይህን ያህል እጅጌ ገጥመሽ ካልወጣሽ ሱፐርቫይዘሯ ትጠይቅሻለች። ወር ሲሞላ ግን የሚከፈልሽን ገንዘብ ማንም ስጦታ አይለውም፤ የላብሽ ዋጋ ነው። ጳውሎስም በሮሜ 4 ላይ ይህንኑ ነው የሚለው፦ «ለሚሠራ ደመወዝ እንደ ዕዳ ነው እንጂ እንደ ጸጋ አይቆጠርለትም።» እግዚአብሔርን ግን ማን ነው ባለ ዕዳ የሚያደርገው? አንቺ ሳታውቂው ከእሱ ጋር የቅጥር ውል ተዋውለሻል። የእሱ ፊርማ የሌለበት ውል ነው።

ይህን ስል ከሉቃስ 15 አንድ ነገር ትዝ አለኝ። የጠፋውን ልጅ ታሪክ መቼም ሺህ ጊዜ ሰምተሽዋል። ልጁ ከአሳማ ማደሪያ ተነስቶ ወደ ቤቱ ሲያስብ የሚናገረውን አስቀድሞ አሰናድቷል። በድያለሁ፣ ልጅህ ልባል አይገባኝም፣ «ከሞያተኞችህ እንደ አንዱ አድርገኝ» ሊል ነበር። ቅጥረኛ ልሁን፣ ሠርቼ ልብላ ማለቱ ነው። እስቲ አሁን ቁጥር 21ን ልብ ብለሽ አንብቢው። አባቱ አንገቱን አቅፎ ሲስመው ልጁ ንግግሩን ይጀምራል። በድያለሁ ይላል። ልጅህ ልባል አይገባኝም ይላል። ቅጥረኛ አድርገኝ የምትለዋ ግን የለችም። አባትየው አላስጨረሰውም። ልብስ አምጡ፣ ቀለበት አድርጉለት፣ ጫማ አድርጉለት ማለት ጀመረ። ልጁ ሥራ ሊለምን መጣ፤ አባቱ ቤተሰብነቱን መለሰለት።

ታላቅ ወንድሙስ? አንቺን የሚመስለው እሱ ነው፤ ይህን ስልሽ አይክፋሽ። ከቤት ወጥቶ አያውቅም። ሲሠራ የኖረ ልጅ ነው። ግን ምሬቱን ሲያወጣ ምን አለ? «ይህን ያህል ዓመት እንደ ባሪያ ተገዝቼልሃለሁ» አለ። አየሽ፣ በአባቱ ቤት ውስጥ ሆኖ ለካ ራሱን ባሪያ አድርጎ ነው የኖረው። አንድ ጥቦት ስንኳ አልሰጠኸኝም ብሎ ሒሳብ ያነሳል። እሱም ደብተር ነበረው ማለት ነው። አባትየው ታዲያ እንግዶቹን ትቶ ወደ ደጅ ወጣ። ለታናሹ እንደወጣ ለታላቁም ወጣ። «ልጄ ሆይ፥ አንተ ሁልጊዜ ከእኔ ጋር ነህ፥ ለእኔም የሆነ ሁሉ የአንተ ነው» አለው። ስሙ ሲጠራ ይደክመኛል ያልሽው የዚህ አባት ስም አይደለም። የደከመሽ የሰሌዳው ጌታ ነው። እሱን ደግሞ የሳልነው እኛው ነን።

አሁን ወደ እናትሽ ልምጣ፤ ከሁሉ በላይ እንቅልፍ የነሳሽ ይህ ነውና። እናትሽ የታመመችው አንቺ ፆም ስለገደፍሽ አይደለም። ይህን ያለምንም ማመንታት ነው የምነግርሽ። ደቀ መዛሙርቱ ዓይነ ስውር ሆኖ የተወለደ ሰው አይተው ኃጢአት የሠራው እሱ ነው ወይስ ወላጆቹ ብለው ኢየሱስን ጠየቁት። እሱም አይደለምም፣ ወላጆቹም አይደሉም አላቸው። ዮሐንስ 9 ላይ አለልሽ። የደም ግፊትን የሚያስነሳው ነገር ይታወቃል፦ ዕድሜ፣ ጨው፣ ከቤተሰብ የሚወረስ ነገር፣ መድኃኒት ማቋረጥም። እናትሽን አንድ ነገር ጠይቂያት፤ በፆም ሰዓት መድኃኒቷን ታዛባ ይሆን? ብዙ እናቶች ተሽሎኛል ብለው ይተዉታል፣ ወይ ከቅዳሴ በፊት አልወስድም ይላሉ። የነፍስ አባቷን ታማክር። ለታመመ ሰው ይፈቅዳሉ። በር ከፍተሽ ነው ብሎ እንቅልፍ ከመንሳት ይህን መጠየቅ ይሻል ነበር።

የቡድኑን መሪ አልቆጣትም። እሷም በዚያው ሰሌዳ ሥር ያደገች ትመስለኛለች። የነገረችሽ ግን ወንጌል አይደለም። በሐዋርያት ዘመንም እንዲህ ዓይነት ነገር ነበር። ከአሕዛብ ያመኑትን፣ ማመናችሁ ጥሩ ነው፣ ግን ካልተገረዛችሁ አትድኑም የሚሉ ተነሱ። ኢየሩሳሌም ላይ ስብሰባ ተደረገ። ጴጥሮስ ተነስቶ፣ አባቶቻችንም እኛም ልንሸከመው ያልቻልነውን ቀንበር ለምን በእነዚህ ጫንቃ ላይ ትጭናላችሁ አለ። የሐዋርያት ሥራ 15 ላይ ነው። ጳውሎስም የገላትያን ሰዎች «በመንፈስ ጀምራችሁ አሁን በሥጋ ትፈጽማላችሁን?» ብሎ ጠየቃቸው። አንቺም የዛሬ 6 ዓመት የመጣሽው ምንም ሳትይዢ ነበር። ያኔ የተቀበለሽ አሁን ደረሰኝ አይጠይቅሽም።

ታዲያ ዝም ብዬ ልቀመጥ? ፆምና ጸሎት ይቅር? ኃጢአትም እንደፈለግኩ? ይህን ጥያቄ ጳውሎስም ያውቀዋል፤ በሮሜ 6 ላይ ራሱ አንስቶ «አይደለም» ብሎ መለሰው። በኤፌሶንም ከሥራ አይደለም ካለ በኋላ እዚያው ቀጥሎ ለመልካም ሥራ ተፈጠርን ይላል። ሥራው አልቀረም፤ ቦታው ነው የተለወጠው። ፆም መልካም ነው። ጌታም ፆሟል። የእግዚአብሔርን ፍቅር የምንገዛበት ሲሆን ግን ተበላሸ ማለት ነው። ሉቃስ 18 ላይ ፈሪሳዊው በየሳምንቱ ሁለት ጊዜ እጦማለሁ፣ አሥራት አወጣለሁ አለ። ውሸት አልተናገረም። ግን ጸድቆ የተመለሰው ዓይኑን ወደ ሰማይ ሊያነሳ ያፈረው፣ «አምላክ ሆይ፥ እኔን ኃጢአተኛውን ማረኝ» ያለው ቀራጭ ነው።

በነገራችን ላይ እናትሽ በቆመችበትም ይኸው ጸሎት ይሰማል። ደሴ መድኃኔዓለም ቅዳሴ ላይ ሕዝቡ ደጋግሞ «እግዚኦ መሐረነ ክርስቶስ» ሲል ምሕረት ነው የሚለምነው። ስለ እምነትና ሥራ ኦርቶዶክሱና ወንጌላዊው በየራሳቸው መንገድ ያስተምራሉ፤ ልዩነቱን እዚህ ዓምድ ላይ አልፈታውም። ግን እናትሽ የምትፆመው ሁሉ ለመመካት ነው ብለሽ እንዳታስቢ። አንዳንዴ የኛ ሰው ሥርዓት ትቼ ወጣሁ ይልና ከወጣበት የሚከብድ ሥርዓት ለራሱ ይሠራል። አዳሩ፣ ሰንጠረዡ፣ ሪፖርቱ። ይህ በጣም ያሳዝነኛል።

ስለ አሮጌው ኃጢአትሽ ምን እንደሆነ አልነገርሽኝም፤ አልጠይቅሽምም። በኃጢአታችን ብንናዘዝ ይቅር ሊለን የታመነና ጻድቅ ነው ይላል ዮሐንስ በመጀመሪያ መልእክቱ። አንድ ጊዜ ከልብሽ ተናዘሽ ከሆነ አልቋል። ስሜትሽ ዘግይቶ ሊደርስ ይችላል፤ ይቅርታው ግን ስሜትሽን አይጠብቅም። ማርቲን ሉተርም ይህን ጭንቀት ያውቀዋል። እ.ኤ.አ. በ1505 ኤርፈርት የሚባል ከተማ ገዳም ገባ። ይፆም ነበር፣ ሌሊት ይነቃ ነበር። ለንስሐ አባቱ ለሰዓታት ይናዘዝና ሲወጣ የረሳው ኃጢአት ትዝ እያለው ልቡ አያርፍም ነበር። ያረፈው ብዙ በመናዘዝ አልነበረም። ሮሜን ሲያጠና «ጻድቅ በእምነት ይኖራል» የሚለው ቃል ሲበራለት ነው። ጽድቁ ከእግዚአብሔር የሚሰጥ መሆኑን ያኔ ተረዳ።

አንድ ነገር ግን ሳልደብቅ ልንገርሽ። ያው ሐሳብ በቀን ብዙ ጊዜ እየመጣ የሚያስጨንቅሽ ከሆነ፣ ካልተናዘዝኩ አንድ ነገር ይደርሳል የሚል ፍርሃት ካለ፣ እንቅልፍሽም ለሳምንታት ከጠፋ፣ ሐኪም ማየት አለብሽ። ደሴ ኮምፕሬሄንሲቭ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል፣ ድሮ ሪፈራል የምንለው፣ የአእምሮ ሕክምና ክፍል አለ። እናትሽን ስትጠይቂ እግረ መንገድሽን መታየት ትችያለሽ። የአእምሮ ጭንቀት ሕክምና አለው። ሐኪም ቤት መሄድ የእምነት ጉድለት አይደለም፤ ለእናትሽ ደም ግፊት መድኃኒት ስትገዢ እምነትሽ አልጎደለም።

አሁን ምን ላድርግ ትይኛለሽ። ደብተሩን ዛሬ ዝጊው። አታቃጥዪው፣ ግዴለም፤ ለጓደኛሽ ስጪና ታስቀምጥልሽ። ለተወሰኑ ሳምንታት ምንም አትጻፊ። መጀመሪያ ላይ ይጨንቅሻል፤ ባዶ የሆንሽ፣ የቀዘቀዝሽ ይመስልሻል። ያ ስሜት ሱስ እንደሚያቆም ሰው ነው፣ ቀስ እያለ ይለቃል። ሌሊት ፈረቃ የገባሽበት ሳምንት አዳር አትሂጂ። ተኚ። ለመሪዋ ምን እላለሁ ካልሽ እንዲህ በያት፦ «እህቴ፣ ለጊዜው ከጸሎት ቡድኑ አርፋለሁ። ደክሞኛል። ጌታን አልተውኩም።» ሌላ ማብራሪያ አትጨምሪ። ብትቆጣም ትቆጣ። ኳየሩ ደስ የሚልሽ ከሆነ ቀጥዪ፤ እሱም ከከበደሽ አብረሽ አሳርፊው። እሑድ እሑድ እንደ ማንኛውም ሰው መጥተሽ ቁጭ ብለሽ ስሚ፣ ዘምሪ፣ ወደ ቤትሽ ሂጂ። አገልግሎት ላይ ካልሆንኩ ማን ነኝ የሚል ጥያቄ ይመጣብሻል። ይምጣ። መልሱን በአገልግሎት ውስጥ ሆነሽ አታገኚውም።

ስትጸልዪ አጭር ይሁን። ሰዓት አትያዢ። የቀራጩ ጸሎት አንድ መስመር ናት። እሷን ብለሽ ዝም በዪ። ከዚያ መዝሙር 103ን አንብቢ፤ አባት ለልጆቹ እንደሚራራ እግዚአብሔር ይራራል፣ አፈር መሆናችንን ያውቃል የሚለውን። ካንቀላፋሽ አንቀላፊ። ስትነቂ ካቆምሽበት አትቀጥዪ፣ አትቀንሺ፣ አመሰግናለሁ ብለሽ ተነሺ። ከመጋቢያችሁም ጋር ተነጋገሪ፤ በተለይ ስለ እንግዳው ሰው ማወቅ አለበት። ብቻሽን መግባት ከከበደሽ የምታምኛት እህት ይዘሽ ግቢ።

ደሴም ውጪ። ሐረጎን ወጥተሽ እናትሽ ጋ አንድ ቀን እደሪ። ባለፈው ስትሄጂ ቅዳሜ ነው፣ ለእሑድ ኳየር ልምምድ አለኝ ብለሽ ቡና ሳይፈላ እንደተነሳሽ እገምታለሁ፤ የብዙዎቻችን ነገር እንዲህ ነው። አሁን እስከ ሦስተኛው ተቀመጪ። ለእሷ ስለ እርግማኑ አታውሪ። ፈርተሽ እንደነበር ግን ንገሪያት። እናት ናት፣ ይገባታል።

አሁን ወደ ገንዘቡ። ቃል ገብቻለሁ፣ 4,000 ይቀረኛል ብለሻል። አትክፈዪ። ስእለት ነው፣ ካልከፈልኩ ይቀጣኛል ብለሽ እንደምትፈሪ አውቃለሁ። ለእግዚአብሔር የተሳልሽውን መፈጸም ተገቢ ነው። ይህ ግን ለእግዚአብሔር የተደረገ ስእለት አይደለም። አንድ ሰው እናትሽ ታማ፣ ደንግጠሽ ባለሽበት ሰዓት መጥቶ በፍርሃትሽ ላይ የተመነው ዋጋ ነው። በገላትያ 3 ላይ «ክርስቶስ ከሕግ እርግማን ዋጀን» ይላል። የተከፈለበት ነገር ሁለተኛ አይከፈልበትም። በሰማርያ ሲሞን የሚባል ጠንቋይ የእግዚአብሔርን ስጦታ በብር ሊገዛ ሲመጣ ጴጥሮስ ምን እንዳለው ታውቂያለሽ፤ «ብርህ ከአንተ ጋር ይጥፋ» አለው። ሲሞን ገዢ ነበር። ሻጭ ቢሆን ምን ይለው እንደነበር አንቺው ገምቺ። ኢሳይያስ ግን ገንዘብ የሌላችሁ ኑ፣ ያለ ዋጋ ግዙ እያለ ይጣራል።

እንደዚህ ባሉ ሰዎች እቆጣለሁ። ተቆጥቼም ነው የምጽፈው። የልብስ ስፌት ሠራተኛ የምታገኘውን ደመወዝ የሚያውቅ ሰው 10,000 ብር አምጪ ሲላት እጁ አይንቀጠቀጥም? ቢደውልልሽ አታንሺ። ደግሞ ቢመጣ መጋቢያችሁ ባለበት ያናግርሽ፤ ያኔ ላይመጣ ይችላል። የሰጠሽውን 6,000 መልስ ብለሽ መጠየቅም መብትሽ ነው። ካልመለሰ በዚያ ምክንያት ራስሽን አትቅጪ። የተታለለ ሰው ሌባ አይደለም።

ለዕቁቡ ግን ተጠንቀቂ። ዕጣው ወጥቶልሽ ተቀብለሽ ከሆነ ቀሪው ዙር የሰው ገንዘብ ነው። ለዕቁቡ ዳኛ ቀድመሽ ንገሪያቸው፣ ከባድ ወር ላይ ነኝ፣ በሁለት ከፍዬ ላምጣ በዪ። 4,000ውን ለዚያ አድርጊው።